«ጊዜው አልፎበታል» ለሚሉ፦ ስለ ደመወዝተኛው ደራሲ የተሰጠ ምላሽ

አንድ ሰው ጡረታ ከወጣ በኋላ ልብ ወለድ መጻፍ ጀመረ ሲባል የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። «ጥሩ ነው፣ ጊዜውን ያሳልፍበታል» ይባላል። በሥነ ጽሑፍ ሰዎች ዘንድ ይኸው አስተያየት ከበድ ባለ ቋንቋ ይመጣል፦ ድርሰት ጥሪ ነው፤ የተጠራ ሰው በወጣትነቱ ይለያል፤ ተሰጥኦው እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ሠላሳ ዓመት በሒሳብ ክፍል፣ በመንገድ ሥራ ወይም በሆስፒታል ታፍኖ አይቀመጥም ነበር። የነበረችውንም ጥቂት ችሎታ ሥራው በደብዳቤና በሪፖርት ጨርሷታል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ቢጽፍ ቢጽፍ ትዝታውን ነው፤ ድርሰት አይወጣውም።

አስተያየቱ በክፉ ልብ የሚነገር አይደለም። ከሚናገሩት መካከል ሥራቸውን የማከብርላቸው ሐያስያን አሉ፤ የሚያሰጋቸውም በየጊዜው የሚታተመው ያልበሰለ መጽሐፍ ነው። ሥጋታቸውን እጋራለሁ። ፍርዳቸውን ግን አልቀበልም። የሰዎችን ረቂቅ ሳነብ እንደታዘብኩት፣ ብዙዎች ደብተራቸውን መልሰው መሳቢያ ውስጥ የሚከቱት መጻፍ አቅቷቸው ሳይሆን «በዚህ ዕድሜዬ ሰው ምን ይለኛል» ብለው ነው። እዚያ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረው የአንድ ሰው ምኞት ብቻ አይደለም፤ ስለ ባንክ፣ ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ እርሻ ጣቢያ፣ ስለ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ማንም ሌላ ሰው የማይጽፍልን ነገር አብሮ ይቀራል። ከዚያም በላይ፣ ይህ አስተያየት የአማርኛን ልብ ወለድ ታሪክ ረስቷል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንውሰድ፤ በታላቅነቱ ብዙ ክርክር የማይነሣበት መጽሐፍ ስለሆነ። የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። መምህር ነበሩ፤ ጣሊያን አገራችንን ሲወር ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፤ ተማርከው በጣሊያን ምድር፣ ፖንዛና ሊፓሪ በሚባሉት ደሴቶች ታሰሩ። ከእስር ሲወጡ በውጭ ጉዳይ ሥራ ተሰማሩ። በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተን፣ በኒው ዮርክ፣ በለንደን አገራቸውን ወከሉ፤ የትምህርት ሚኒስትርም ሆኑ። በወጣትነታቸው ተውኔት ጽፈው ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» የተሰኘ የተረት መጽሐፍ አሳትመዋል። ዛሬ ስማቸውን የምናነሣበት ሥራ ግን የመጣው ሌላው ሰው ስለ ጡረታው ማሰብ በሚጀምርበት ዕድሜ ነው። በዚያም አላበቁም። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልም እዣት» በ1980 ዓ.ም. ሲወጡ ደራሲው ሰባዎቹ ውስጥ ነበሩ።

የመንግሥት ሥራው ጊዜያቸውን ከመብላት ሌላ ምን ሰጣቸው ለሚል ሰው መጽሐፉን ገልጦ ማየት ይበቃል። ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሮቻቸው ጋር የሚገቡበት ጠብ ስለ ጭቆና የተጻፈ መፈክር አይደለም። ባላገሩ የለመደውን ግብር ከፍሎ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ እንዴት እንደሚያንገራግር፣ ነገሩ እንዴት ከቃል ወደ ጉልበት እንደሚሄድ፣ የትልቅ ሰው ክብር በምን ላይ እንደቆመና በምን እንደሚፈርስ ደረጃ በደረጃ እናያለን። ይህን የሚያውቅ ሰው አስተዳደር በወረቀት ላይ ሌላ፣ በሰው ደጃፍ ላይ ሌላ እንደሆነ ያየ ሰው ነው። የዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ ኑሮ ከልጅነት የመጣ ነው፤ ሐዲስ ራሳቸው በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች አልፈዋል። ነገር ግን መጽሐፉ ልጅነት ብቻውን የማይሰጠው ሌላ ዓይን አለው። ጉዱ ካሳ የአገሩን ሥርዓት ከውስጥ ሆኖ እንደ ውጭ ሰው ያያል፤ አገሬውም በዚህ ምክንያት እንደ እብድ ይቆጥረዋል። ይህን ዓይን ለመፍጠር፣ በእኔ ፍርድ፣ አገሩን ለባዕድ ሲያስረዳ የኖረ ሰው ያስፈልግ ነበር። የአምባሳደር የዕለት ሥራ ይኸው ነው፦ ለራስ ግልጽ የሚመስለውን ለማያውቀው ማስረዳት፣ ሲያስረዱም ለራስ እንኳ ግልጽ እንዳልነበረ መረዳት። ሐዲስ ዓለማየሁ በሃያ አምስት ዓመታቸው ጥሩ የፍቅር ታሪክ ሊጽፉ ይችሉ ነበር። ይህን መጽሐፍ ግን አይጽፉትም ነበር።

ሐዲስ ብቻቸውን ቢሆኑ ልዩ ሰው ናቸው ብለን ባለፍን። ነገር ግን የአማርኛ ልብ ወለድ ከመነሻው ሌላ መተዳደሪያ የነበራቸው ሰዎች ሥራ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሠዓሊም ነጋዴም ነበሩ፤ ኋላም በድሬዳዋ ጉምሩክ ተሹመዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ «አዲስ ዓለም»ን ያሳተሙት በመንግሥት ከፍተኛ ሥራ ላይ ሆነው ነው። የ«አርአያ» ደራሲ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ሚኒስትርና ዲፕሎማት ነበሩ። መኮንን እንዳልካቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ይጽፉ ነበር። ከቢሮ ርቆ፣ ከሥርዓት ወጥቶ እንደኖረ ደራሲ የሚነሣው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ሳይቀር ለዓመታት በመጽሔት ዝግጅት ክፍሎች የሠራ ጋዜጠኛ ነበር። በብዕሩ ብቻ ለመኖር የደፈረው አቤ ጉበኛን የመሰለ ሰው ጥቂት ነው፤ ያከበርነውም ብርቅ ስለሆነ ጭምር ነው። የበዓሉ ግርማ ነገር ደግሞ የተለየ ነው። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. የወጣው በዓሉ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ኃላፊነቱ አሥመራ ሄዶ የቀይ ኮከብን ዘመቻ ከውስጥ ስላየ ነው። ቢሮው መጽሐፉን ሰጠው፤ መጽሐፉም ቢሮውን፣ በኋላም፣ እንደሚታመነው፣ ሕይወቱን አስከፈለው። ያን ታሪክ ከቢሮው ውጭ የሆነ ሰው ሊጽፈው አይችልም ነበር።

እዚህ ላይ ጠንካራ መቃወሚያ ይነሣል፤ ሳልመልስ ባልፈው ተገቢ አይሆንም። «እነዚህ ሰዎች ሥራና ጽሕፈትን ጎን ለጎን አስኬዱ እንጂ ጽሕፈትን ትተው አልተመለሱም፤ አንተ የምትከራከርለት ሰው ግን ለሠላሳ ዓመት አንድ መስመር አልጻፈም» ሊባል ይችላል። እውነት ነው፣ ልዩነት አለ። ሐዲስ ዓለማየሁም ብዕራቸውን ጨርሰው ጥለው አያውቁም። ነገር ግን መቃወሚያው አንድ ነገር ሳያረጋግጥ እንደተረጋገጠ ይወስዳል፤ ያልጻፈ ሰው በጽሕፈት ጉዳይ ላይ ምንም አልሠራም ብሎ ያምናል። እኔ ያገኘኋቸው ወደ ጽሕፈት ተመላሾች ግን ባይጽፉም ሲያነብቡ የኖሩ ናቸው። መስክ ሲወጡ በሻንጣቸው መጽሐፍ የማይጠፋ፣ የሰው አነጋገር ሰምተው ቤታቸው ሲገቡ ለሚስታቸው እየመሰሉ የሚያወሩ፣ በለቅሶ ቤት የሰሙትን ሙሾ ሳይጽፉት የሚይዙ ሰዎች። ጆሮ በዚህ ይሠራል። እንዲህ ያላደረገ፣ ሳያነብና ሳያዳምጥ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ጡረታ ወጥቶ በድንገት ደራሲ ይሆናል የሚል የለም፤ እኔም አልልም።

ከእኛው ምድር ጋር የተያያዘ ሌላ ምስክር ብዙ ጊዜ ይጠራል፤ ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ። ሃያ ዓመት እንዳለፈው ግጥም ተወ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 መጨረሻ ለአንድ የቡና ነጋዴ ኩባንያ ተቀጥሮ ሐረር ገባ፤ ወደ ግጥም ሳይመለስም ሞተ። «ንግድ ቅኔን ገደለ» ለሚሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ግን ማስረጃውን ጠጋ ብለን እንየው። ራምቦ ከሐረር ለቤተሰቡ ሲጽፍ የዕደ ጥበብና የምህንድስና መጻሕፍት እንዲላኩለት ይጠይቅ ነበር፤ የፎቶግራፍ ካሜራ አስመጥቶ ሥዕል አነሣ፤ ስለ ኦጋዴን ያዘጋጀውን ዘገባ የፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1884 አሳተመለት። ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጠ። ይህ ዓይኑን የጨፈነ ሰው አይደለም፤ የሚያየውን ነገር የለወጠ ሰው ነው። ሲሞትም ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በሠላሳ ሰባት ዓመታቸው ሞተው ቢሆን ኖሮ አንድ ልብ ወለድ እንኳ ባልነበራቸው፤ እኛም ዛሬ «ዲፕሎማሲ ድርሰትን ገደለ» እያልን እንጠቅሳቸው ነበር፤ የሚያስታውሳቸው ከተገኘ። ያልተኖረ ዕድሜ ለማንም ወገን ምስክር አይሆንም።

የወጣትነት አምልኮ በራሱ ከየት እንደመጣብን አስባለሁ። ከቅኔ ቤት አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ደረጃ በደረጃ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። የሚለካው በደረሰበት መንገድ እንጂ በዕድሜው አይደለም። አርባ ዓመት የሞላው መነኩሴ ከአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጎን ቁጭ ብሎ ቅኔ ቢቆጥር ማንም አይደነቅም። መምህሩም እስኪያረጅ ቅኔ ይዘርፋል፤ በዕድሜው ምክንያት ቅኔው ይቀላል ተብሎ አይጠበቅም፤ ይልቁንም ይጠልቃል ተብሎ ይጠበቃል። ስለዚህ «ፈጠራ የወጣት ነው» የሚለው አስተሳሰብ በአገራችን ጥንታዊ ሥር ያለው አይመስለኝም። ወጣት ገጣሚዎቻችን በዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ያሳደሩብንን መደነቅ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን የመሰሉ ገና በልጅነታቸው ተውኔት የደረሱ ሰዎች ያተሙብንን ምስል እንደ ሕግ ወስደነዋል። ምስሉ እውነት ነው፤ ሕግ ግን አይደለም።

አሁን ተቃራኒዎቼ ትክክል ወደሆኑበት ልምጣ። የቢሮ ቋንቋ በእርግጥ ይጎዳል። የሚጎዳው ግን ብዙ ጊዜ በሚባለው መንገድ አይደለም። «ጉዳዩ፦»፣ «ግልባጭ፦»፣ «ከሰላምታ ጋር» የሚሉት ጌጦች ቀላሉ ነገር ናቸው፤ ማንም በአንድ ቀን ይተዋቸዋል። የሚከብደው የአረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። በቢሮ ማን ምን እንዳደረገ አለመናገር ጥበቃ ነው። «ተወስኗል»፣ «ታምኖበታል»፣ «እንዲስተካከል ተደርጓል» እየተባለ አድራጊው ይሰወራል፤ ነገ ኦዲተር ቢመጣ የሚጠየቅ ሰው የለም። ሠላሳ ዓመት እንዲህ የጻፈ እጅ የገዛ እናቱን ሞት ሲጽፍም አድራጊውን ይሰውራል። ልብ ወለድ ደግሞ አድራጊ ከሌለው አይንቀሳቀስም።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ለብዙ ዘመን በመንገድ ሥራ ቀያሽ የነበሩ አንድ አዛውንት ረቂቃቸውን አምጥተውልኝ ነበር። በወጣትነታቸው ግጥም ይጽፉ ነበር፤ ሥራ ሲይዙ ተዉት፤ ልጆች ካደጉ በኋላ ተመለሱ። ከረቂቁ አንዱ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ነገር ነበር፦ «በወቅቱ በአካባቢው ኅብረተሰብ ዘንድ በነበረው የግንዛቤ ማነስ ምክንያት በቅየሳ ሥራው ላይ ከፍተኛ መስተጓጎል ተፈጥሮ ነበር።» ሳነበው ምንም አላየሁም። «ጋሼ፣ ምንድን ነው የሆነው?» አልኳቸው። ቀና ብለው ትንሽ አሰቡና ነገሩኝ። ቀን የተከሉትን ችካል ገበሬው ማታ ይነቅለዋል። ችካል የተተከለበት መሬት የመንግሥት ሆነ ማለት ነው ተብሎ ተወርቷል። ጧት ሲመጡ ምልክቱ የለም፤ ደግመው ይለካሉ፤ ደግሞ ይነቀላል። አንድ ቀን ጧት ማልደው ሲሄዱ አንዲት ሴት ከቤቷ ደጅ እሳት አያይዛለች። የምታነደው እንጨት ቀይ ቀለም የተቀባ ነው፤ የእነሱ ችካል ነው። አየቻቸው፣ አላፈረችም። ጀበናውን ጣደችና «ግቡ፣ ቡና ጠጡ» አለቻቸው። ገብተው ጠጡ። በገዛ ችካላቸው የፈላውን ቡና እስከ ሦስተኛው ጠጥተው፣ አመስግነው ወጡ። ስለ ችካሉ አንዳቸውም አላነሡም።

«ታዲያ ይህን ለምን አልጻፉትም?» ስላቸው «ይሄ እኮ ወሬ ነው፤ ለመጽሐፍ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም» አሉኝ።

በዚህ ውስጥ ሁለቱንም ነገር እናያለን። ቢሮው ያበላሸው አለ፤ «የግንዛቤ ማነስ» የሚለው ሐረግ ሴትዮዋን፣ እሳቱን፣ ጀበናውን፣ የሰዎቹንም ዝምታ ደፍኖታል። ቢሮው የሰጠውም አለ። ያ ሰው ቀያሽ ባይሆኑ ኖሮ በዚያ ጧት በዚያች ሴት ደጅ አይቆሙም ነበር። ችካሉ በየትኛው እርሻ፣ በየትኛው መቃብር፣ በየትኛው የወንድማማቾች ክርክር መካከል እንደሚያልፍ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። በኋላ ያንን ክፍል እንደገና ጻፉት። አዲሱ ጽሑፍ ላይ ገበሬው ስም አለው፣ ችካሉን የነቀለው እጅ ይታያል፣ ቀያሹም ሴትዮዋ ፊት አንገቱን ሲሰብር እናየዋለን። ቋንቋው ተመልሷል። የተመለሰውም ያልነበረው ተሰጥኦ መጥቶ አይደለም፤ «ምንድን ነው የሆነው?» የሚል አንባቢ ስላገኙ ነው።

ይህ በሽታ የጡረተኛ ብቻ ቢሆን የዕድሜ ጉዳይ ነው እንል ነበር። አይደለም። «ከዚህ ጋር ተያይዞ»፣ «ከማድረግ አኳያ»፣ «ትልቅ ሚና ይጫወታል» የሚሉት ሐረጎች በሃያ ሁለት ዓመት ልጆች ረቂቅ ውስጥም ሞልተዋል፤ ከዜናና ከስብሰባ ይቀዷቸዋል። ልዩነቱ፣ ወጣቱ ሐረጉን ቢያስወግድ ከሥሩ የሚያገኘው ገና ጥቂት ነው። ቀያሹ ሲያስወግዱ ግን ከሥሩ አገር አለ።

«የዘገየ ሰው ትዝታውን ብቻ ይጽፋል» የሚለውም መታየት አለበት። በመጀመሪያ ትዝታን ዝቅ አድርጎ ማየቱ ስሕተት ነው። መንግሥቱ ለማ አባታቸው በእርጅናቸው የተረኩላቸውን መዝግበው ያወጡት «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ» ከአማርኛ የስድ ንባብ ሀብቶች አንዱ ነው። የአለቃ ለማ አነጋገር ዕድሜ የጠገበ ስለሆነ ነው እንዲያ የሚጣፍጠው። ቢሆንም፣ ተመላሾቻችን ወደ ትዝታ የሚያዘነብሉት ልብ ወለድ ስለማይችሉ ነው ማለት ጉዳዩን ማቅለል ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት የወጡትን የአብዮቱን ዘመን ተሳታፊዎች መጻሕፍት እናስብ። ከ«ያ ትውልድ» ጀምሮ እስከ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም «ትግላችን» እና እስከ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ» ድረስ፣ ከልዩ ልዩ ወገን ብዙ ተጽፏል። ለታሪክ ያላቸው ዋጋ ትልቅ ነው፤ በዚያ ዘመን የነበረ ሰው ቃሉን ሊሰጥ ይገባዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲጻፍ ከገጹ ማዶ አንድ ከሳሽ ተቀምጧል፤ ጸሐፊውም ሳያስበው የመከላከያ መልስ ይሰጣል። ቀኑ፣ የስብሰባው ቁጥር፣ ማን ምን እንዳለ ይዘረዘራል። ልብ ወለድ ከዚህ ነጻ ያወጣል። ደራሲው የበደለውንም የተበደለውንም ሰው ከውስጥ እንዲያይ ይፈቅዳል። ብዙ አዛውንት በቃላቸው ሲያወሩ የማይፈሩትን ነገር በትዝታ መልክ መጻፍ የሚፈሩት ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የድሮ ባልደረባ በሕይወት ስላለ ነው። «ልብ ወለድ አድርገው ይጻፉት» ብላቸው ፊታቸው የሚበራ ሰዎች አውቃለሁ፤ እንዲህ ማድረግ እንደሚቻል የነገራቸው ሰው አልነበረም። «ትዝታህን ጻፍ» ብሎ የሚመክራቸው ግን ሞልቷል።

በውጭ ያሉትን ማንሣት ግድ ይለኛል። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ አገር ለቀው የወጡት ዛሬ በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በአውሮፓ ጡረታ ላይ ናቸው። በሆስፒታል፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በታክሲ፣ በዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ በሌላ ቋንቋ ኖረዋል፤ አሁን በአማርኛ መጻፍ ይፈልጋሉ። ለእነሱ የሚሰነዘረው ትችት ደግሞ «አማርኛቸው አርጅቷል» የሚል ነው። አርጅቷል፤ እውነት ነው። ስለ ዛሬዋ አዲስ አበባ ወጣቶች ሲጽፉ ገጸ ባሕርያቱ እንደ ድሮ የተማሪ ማኅበር ተናጋሪ ያወራሉ፤ ይህን ማረም ያስፈልጋል። ነገር ግን ስለዚያ ዘመን ሲጽፉ የያዙት አማርኛ የትም አይገኝም። እኛ እዚህ ያለነው ቋንቋችን በየዓመቱ ከሥራችን ሲለወጥ የድሮውን ረስተነዋል፤ የ1966ን የካምፓስ ክርክር በጊዜው አንደበት ጽፎ ሊያስነብበን የሚችለው ቃሉ በአፉ ላይ ሳይለወጥ የቀረው ያ ሰው ነው።

ታዲያ ለምንድን ነው ከተመላሾች ብዙ ደካማ መጽሐፍ የሚወጣው? ይህን ጥያቄ ተቃራኒዎቼ ሲያነሡ መልሱ ዕድሜ ነው ይላሉ። እኔ መልሱ ያለው ከረቂቅ እስከ ማተሚያ ቤት ባለው መንገድ ላይ ነው እላለሁ። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በነበረበት ዘመን፣ ሳንሱሩን ትተን ስናስበው፣ ረቂቅ የሚያነብ አርታኢ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ደራሲው ራሱ አሳታሚ ነው። ጡረተኛው ያጠራቀማትን ገንዘብ ይዞ ማተሚያ ቤት ይሄዳል፤ የወረቀቱን ዋጋ ይከፍላል፤ መጽሐፉ ይታተማል። በመካከል ያነበበለት ወንድሙና የድሮ ባልደረባው ናቸው፤ ሁለቱም «ግሩም ነው» ብለዋል። ለአንድ ትልቅ ሰው «ይህ ምዕራፍ አይሠራም» ማለት በባህላችን ይከብዳል። አክብሮታችን ከልብ ነው፤ ግን እዚህ ላይ ክፉ ውለታ ይውላል። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ሲነግር መምህሩ «አይደለም» ይለዋል፤ ተማሪው ሽበት ቢኖረውም ይለዋል፤ ማንም እንደ ስድብ አይወስደውም። ወጣቱ ደራሲም አርታኢ የለውም፤ ግን እኩዮቹ አሉት፣ በካፌ የሚነቅፉት ጓደኞች አሉት። አዛውንቱ ግን ሁሉም የሚያከብረው ስለሆነ የሚያርመው የለም። ጉድለቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ደግሞ ሊጠገን የሚችል ጉድለት ነው።

ስለዚህ ሐያስያን ጓደኞቼን የምጠይቃቸው ግልጽ ነገር ነው። የተመላሽ ደራሲ መጽሐፍ ሲመጣላችሁ በልደት ዘመኑ አትጀምሩ፤ በሦስተኛው ገጽ ጀምሩ፤ ደካማ ከሆነም ለወጣቱ እንደምትጽፉት ያህል አጥብቃችሁ ጻፉ። «ለዕድሜው ጥሩ ነው» የሚለው ማስተዛዘኛ ከነቀፋው በላይ ይጎዳዋል። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርና የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎቻችን ደግሞ ለእነዚህ ሰዎች የንባብ ማኅበር ቢያቋቁሙ መልካም ነው፤ ረቂቅ ጮክ ተብሎ የሚነበብበት፣ ሁሉም በስሙ ሳይሆን በሥራው የሚታረምበት። ለተመላሾቹም የምለው አለኝ። ገንዘባችሁን ለማተሚያ ቤቱ ከመክፈላችሁ በፊት ከእሱ ላይ ከፍላችሁ ለማያውቃችሁ አርታኢ ስጡ፤ በመጀመሪያው ዓመት አታሳትሙ፤ በረቂቃችሁ ላይ «ተደረገ» የሚል ሁሉ ባገኛችሁበት ቦታ ማን እንዳደረገው ጠይቁና ስሙን ጻፉ። ቀያሹ አዛውንት አሁን አራተኛው ምዕራፍ ላይ ናቸው፤ የመንገዱ ሥራ ወንዙ ጋ ደርሷል፤ ድልድዩን ማን በማን መንደር በኩል ያሳልፈው የሚለው ክርክር ገና አልተጻፈም።